ቅርጫና የሰፈራችን በሬ (ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት)



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ለበዓሉ ቅርጫ ልግባ ወይስ ከሉካንዳ በኪሎ ልግዛ? የቱ ያዋጣል?» የታሪክ አስተማሪ ሒሳብ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ እኔም በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩ። ሁለቱ መስመር አራት ሆነ፣ አራቱ ገጽ ሞላ። እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚሁ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንገላገል። ላለፈው ፋሲካ እዚህ ደብረ ብርሃን የኛ ሰፈር ቅርጫ በሬውን በ126 ሺህ ብር ገዛ። ዘጠኝ መደብ ነበርን፤ ለአንድ መደብ 14 ሺህ ብር ደረሰ። እኔ ነገር ማጣራት ስለምወድ (ባለቤቴ ሌላ ስም ነው የምትሰጠው) የደረሰኝን መደብ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሼ መዘንኩት። ከነአጥንቱ 15 ኪሎ ተኩል ሆነ። ጨጓራው፣ ሽንፍላውና ከጉበቱ የደረሰኝ ቁራጭ በዚህ ውስጥ የለም። ኪሎው 903 ብር ገደማ መጣ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት በአቅራቢያችን ያለው ሉካንዳ አጥንት ያለውን ሥጋ በ1,100 ይሸጥ ነበር። በመደቡ ላይ ወደ 3 ሺህ ብር ተረፈኝ። የአራጁ፣ የሸራውና በሬውን ከገበያ ያመጣው ልጅ ድርሻ ሲቀነስ ትንሽ ይወርዳል፤ ቢሆንም ያዋጣል። ስለዚህ ልጄ፣ አዎ፣ ቅርጫ ያዋጣል።

ግን 14 ሺህ ብር በአንድ ቀን ከኪሱ ማውጣት ለሚችል ነው የሚያዋጣው። እዚህ ላይ ቆይቼ እመለሳለሁ።

አያቶቻችን ቅርጫን የጀመሩት ሦስት ሺህ ብር ለማትረፍ አልነበረም። ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። አስቡት እስኪ፤ በግ ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ዶሮም ይበቃል። በሬ ግን ለአንድ ቤት አይሆንም። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር በሬ ያረደ ቤተሰብ ወይ ጎረቤት ይጠራል ወይ ሥጋውን ያበላሻል። የኛ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ትንሽ ያግዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቋንጣ ሰቅላችሁ ስትረሱት እንኳ አይከፋም። ያም ሆኖ መቶና ከዚያ በላይ ኪሎ ሥጋ በብርድ ብቻ አይጠበቅም።

«ታዲያ ሥጋ ሻጭ ለምን አልነበረም?» ትሉኝ ይሆናል። ጾሙን ቁጠሩት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የገና ጾም አለ፣ የሐዋርያት አለ። የዓመቱ ግማሽ ገደማ ሥጋ የማይበላበት አገር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ሰቅሎ የሚጠብቅ ነጋዴ ምን ይበላል? ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ አገር በሙሉ በአንድ ሌሊት ሥጋ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፍላጎት ሱቅ አይመልሰውም። የሚመልሰው ቀኑን ቀድሞ የሚያውቅ፣ ገንዘቡን ቀድሞ የሚያዋጣ የጎረቤት ማኅበር ነው።

ሥጋ የሚሸጥበትን ቤት «ሉካንዳ» የምንልበት ቃል ራሱ የኛ አይደለም፤ ከጣሊያንኛው «ሎካንዳ» የመጣ ነው። በጣሊያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ማረፊያነቱ ቀርቶ የሚሰቀል ሥጋ ሆነ። «ቅርጫ» ግን ከቤታችን ነው።

አሁን ወደ አንኮበር እንውጣ።

እ.ኤ.አ. በ1841 ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ ሻምበል ከሕንድ መንግሥት ተልኮ፣ ከታጁራ በአፋር በረሃ አድርጎ፣ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። እስከ 1843 እዚሁ በአንኮበርና በአንጎለላ ቆየ፤ ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ አገሩ ሲመለስ በ1844 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ሃሪስ ሲጽፍ ይኩራራል፣ ሰዉን ይንቃል፤ ስታነቡት በጥርጣሬ አንብቡት። የዓይን ምስክርነቱ ግን ይጠቅማል። የንጉሡን ግብር አይቷል፣ ብርንዶ ሲቆረጥ አይቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሁሉ በሬ ከየት እንደሚመጣ አይቷል። ሣህለ ሥላሴ በኦሮሞዎች ላይ ሲዘምቱ አብሮ ወጥቶ፣ ቤት ሲቃጠልና በሺህ የሚቆጠር ከብት እየተነዳ ወደ ሸዋ ሲመጣ ተመልክቷል።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ክፍል ውስጥም ስነግራችሁ ኖሬያለሁ፤ የጠገበውን አዳራሽ ስታዩ የባዶውን በረት ደግሞ ጠይቁ። «የድሮ ሰው ሥጋ ጠግቦ ነበር የሚኖረው» ሲባል የማን በሬ ነበር ማለት ተገቢ ነው።

በግብሩ አዳራሽ ውስጥ ሥጋ እንዲሁ አይበላም ነበር። በማዕረግ ነው። የመኳንንቱ ብልት ሌላ፣ የጭፍራው ሌላ፣ የአገልጋዩ ሌላ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደሚቆርጥ ሥርዓት አለው። አንድ ሰው ሹመቱ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ከቀረበለት ሥጋ ያውቀዋል። በኋላ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ትልቁን አዳራሽ ሲያሠሩም ይኸው ሥርዓት ተከትሏቸው ሄደ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ እየገባ ሲበላ ቅደም ተከተሉ እንደተጠበቀ ነበር።

ቅርጫን ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ያው በሬ ነው፣ ያው ቢላ ነው፣ ብልት የሚያወጣውም ያው እጁ የተካነ ሰው ነው። አከፋፈሉ ግን ተቃራኒ ነው። ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ታላቁና ታናሹ፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ፣ ወርቹ ሁሉም ይቆራረጥና ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ በየመደቡ ይደለደላል። ድሮ በቅጠል ላይ ነበር፣ ዛሬ በሸራ ነው። መደቡ እኩል መስሎ ሲታይ አንዱ ሽማግሌ ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚህ ቆንጥሮ እዚያ ይጨምራል። ከዚያ ዕጣ። እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፤ ስንጥር፣ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሳንቲም። የማንን እንደያዘ የማያውቅ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። ዳኛም ብትሆን፣ ቀን ሠራተኛም ብትሆን ጠጠርህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው።

(ዕጣን እንደ ቀልድ አትዩት። ማትያስ በይሁዳ ፋንታ ሐዋርያ የሆነው በዕጣ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማግሥት በየገበሬ ማኅበሩ ስንት መሬት የተደለደለው በዕጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ኮምፒውተሩ ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ የሰፈራችን አራጅ ምን አለ? «ጠጠር ቢጠቀሙ ምን ነበረበት?»)

ስለ ሃይማኖትም ልጨምር። ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ አልዩ አምባ ላይ የአርጎባ ሙስሊሞች አሉ፤ ከድሮ ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው። ክርስቲያንና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ቅርጫው የየራስ ነው። በሬው ግን ከአንድ ገበያ ነው የሚገዛው። ዕድሩም ብዙ ቦታ አንድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለብዙ ቀናት የቆየ ድግስ ደገሱ፤ የታረደው በሬ ብዛት እስከዛሬ ይወራል። በዚያው ዓመት በምጽዋ በኩል ጣሊያኖች ለጦራቸው ካስገቡት ከብት ጋር አንድ በሽታ ገባ። የእንስሳት ሐኪሞቻችን በአማርኛ «ደስታ» ነው የሚሉት። አዎ፣ ደስታ። ሕዝባችን ክፉን ነገር በክፉ ስሙ መጥራት አይወድም። ደስታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወርዶ ሸዋን አዳረሰ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙ ያህል አለቀ የሚል ግምት አለ። በሬ ሲያልቅ የሚያልቀው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሚያርስ ይጠፋል። አራሽ ሲጠፋ እህል ይጠፋል። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን «ክፉ ቀን» የምንለው ለዚህ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ ያበረታቱ እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። አንድ ንጉሠ ነገሥት በዶማ!

ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ አጥፍቶ የጨረሰው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ወሬውን የሰማ ግን ጥቂት ነው።

ለገበሬ በሬ ሥጋ ከመሆኑ በፊት እርሻ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የገጠሩ ቅርጫ አይገባውም። የአባቴ አገር ከአንኮበር ትንሽ ወጣ ያለ ገደላ ገደል ቦታ ነው። ልጅ ሳለሁ ክረምት ላይ የአንድ ጎረቤታችን በሬ ዳገት ላይ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። ጩኸት ተሰማ። አባቴ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? ቢላ ይዞ መሮጥ ነው። እኔ ደንግጬ አለቀስኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ በሬው ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፣ ክርስቲያን አይበላውም፣ ባለቤቱም ባዶ እጁን ይቀራል። በሕይወት እያለ ከተደረሰበት ግን ገንዘብ ነው።

በዚያ ቀን ማንም ሥጋ አላማረውም ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የሰው ጎተራ ባዶ ነው፣ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ግን ሃያ የሚሆን አባወራ መጣ። ሃያ መደብ ተመደበ። ክፍያው ለታኅሣሥ፣ ገብስ ሲወቃ በቁና። ማን ስንት እንዳለበት የተጻፈ ወረቀት አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ይዘውታል። እናቴ ሥጋውን ስትቀበል «ይኼ የሚበላ አይደለም፣ የእሱ በሬ ነው» ስትል ሰማኋት። ያኔ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው መድን ማለቷ ነበር። ጎረቤታችን በቀጣዩ ዓመት ወይፈን ገዛ። እኛም ዳገት ላይ በሬ ነበረን።

የኔ ትውልድ ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታሪክ በሌላ መንደር፣ በሌላ በሬ ታውቁታላችሁ። አስተያየት ላይ ጻፉልኝ፤ ክፍያው በምን እህል እንደነበረም ጨምሩ።

የፈረንጁም አገር ከማቀዝቀዣ በፊት እንደኛው ነበር። እስኮትላንድ ውስጥ በኅዳር ከብት ታርዶ፣ አንዳንዴም በጎረቤት ተከፍሎ፣ ለክረምት በጨው ይቀመጥ ነበር። ከሁሉም የገረመኝ ግን በካናዳ ኦንታሪዮና በአሜሪካ ገበሬዎች ዘንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የነበረው «የሥጋ ቀለበት» የሚሉት ማኅበር ነው። ሃያ ያህል ቤተሰብ ይሰባሰባል። በበጋው ወራት በየሳምንቱ አንዱ በተራው አንድ ወይፈን ያቀርባል። ታርዶ ለሃያው ይከፋፈላል። ዕጣ ግን የላቸውም፤ በዕጣ ፋንታ ብልቱን ያዞራሉ። ዛሬ ሽንጥ የደረሰህ በሚቀጥለው ሳምንት ወርች ይደርስሃል፤ ወቅቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሙሉ ወይፈን በልቷል ማለት ነው። ቅርጫና ዕቁብ ቢጋቡ የሚወለደው ይኸው ነው። መብራትና ማቀዝቀዣ ሲገባ ማኅበሩ ፈረሰ። እኛ ጋ ማቀዝቀዣው ገባ፣ ቅርጫው ግን አልፈረሰም።

ቨርጂኒያ ያለች ተማሪዬ ደግሞ የነገረችኝ ያስቃል። ከሦስት ሐበሻ ቤተሰብ ጋር ሆነው ገበሬ ጋ ሄደው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ በአራት ይካፈሉና ማቀዝቀዣ ይሞላሉ። «ዕጣ ትጥላላችሁ?» አልኳት። «ቲቸር፣ ሥጋው በላስቲክ ታሽጎ ስሙ ተጽፎበት ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ታዲያ ሻኛውን ማን ወሰደው?» ስላት ዝም አለች። እሷ ናት የወሰደችው።

ቅርጫ እንከን የለበትም ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚታረድ በሬ ግን ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አያየውም። ድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣው ወዶ አልነበረም። ጥሬ የምትበሉ ራሳችሁን አስቡ። ቆዳውም ነገር ያሳዝናል፤ ዱሮ የበሬ ቆዳ ተሸጦ የአራጁን ዋጋ ሸፍኖ ይተርፍ ነበር፣ ዛሬ የሚወስደው ጠፍቶ ለውሻ የሚጣልበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ ከተማችን ውስጥ ቢራ ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ የቢራ ገብስ አተላ የሚያደልብ በዝቷል፤ የበሬው ጮማ ከድሮው ተሻሽሏል። ዋጋውም አብሮ።

እንግዲህ ወደ 14 ሺህ ብር ልመለስ።

ከብዙ ዓመት ጀምሮ በቅርጫችን ውስጥ አንድ ጎረቤት አለ፤ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ስሙን አልጠራም። እኔ ወደዚህ ሰፈር ስገባ መጀመሪያ ቅርጫ ያስገባኝ እሱ ነው። ባለፈው ፋሲካ መዋጮ ስንሰበስብ ሄድኩበት። «ጋሼ፣ እኛ ዘንድሮ በግ ነው ያሰብነው» አለኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩ። ቅዳሜ ማታ አጥሩ አጠገብ ሳልፍ ጆሮዬን ጣልኩ። የበግ ድምፅ አልነበረም። እሑድ ጠዋት ልጁን አየሁት፤ ከሉካንዳ በትንሽ ፌስታል ሥጋ ይዞ ሲመለስ። በ1,100 ሒሳብ የገዛው ማለት ነው። እኔ ደመወዝና ትንሽ ቁጠባ ስላለኝ በ903 በላሁ፤ እሱ 14 ሺህ በአንድ ቀን ስለሌለው በ1,100 በላ። ሒሳቡን ስሠራ ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አባቴ አገር ቢሆን በታኅሣሥ በገብስ ይከፍል ነበር።

ለመስቀል ስንሰበሰብ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሁለት ወጣት ነጋዴዎች አሉን፤ ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ተማሪዬ ነበር። «ጋሼ፣ ጊዜው ተለውጧል። ሽንጥና ታላቅ የሚፈልግ ጨምሮ ይክፈል፣ አጥንትና ወርች የሚወስድ ይቀነስለት፤ ያልቻለም በዚያው ይገባል» አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለጥበቃውም ጎረቤት አስበውለታል። እኔ ግን ተቃወምኩ። እንዲህ ካደረግን የአንኮበሩን አዳራሽ መልሰን ሠራነው፤ ያኔ በማዕረግ ነበር፣ አሁን በብር ይሆናል። ያ ሰው ግቢያችን መጥቶ በሰው ፊት ወርች ተመድቦለት የሚሄድ ይመስላችኋል? በግ ነው ያሰብነው ብሎ ይቀራል። ተማሪዬ ትንሽ ተቆጣ። «ቲቸር፣ ታሪክ አይበላም» አለኝ። ሳቅን። እውነቱን ነው።

ከሁለት ሰዓት ክርክርና ከአንድ ሣጥን ቢራ በኋላ የተስማማነው ይህ ነው። መደብ በግማሽ መያዝ ይቻላል፤ ሁለት ቤት አንድ ጠጠር ይጥልና የደረሰውን እቤቱ ይካፈላል። የጠጠሩን ባለቤት ብቻ እንጂ ከኋላው ማን እንዳለ ማንም አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 1,200 ብር እናዋጣለን፤ ከመደቡ የተረፈው ለገና ዶሮ ይሆናል። ገንዘቡን የምትይዘው የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናት፤ ከእሷ እጅ አንድ ብር ጠፍቶ አያውቅም። ሦስተኛውን የነጋዴው ልጅ ራሱ ነው ያመጣው፦ ጉበቱንና ምላሱን በጨረታ እርስ በርስ እንሸጥና ብሩ መዋጮ ላጎደለ ሰው ይሙላ። በመስቀል ጨረታ ምላሱን ያሸነፈው እሱው ነው፤ ያውም ከሉካንዳ ዋጋ እጥፍ ሰጥቶ።

ጥበቃው ጎረቤቴ በጥቅምት 1,200ውን ይዞ መጣ። በግማሽ ሊሆን ይችላል ስለው «ሙሉ ነው» አለኝ፣ ትንሽ ኮስተር ብሎ። ደረሰኝ ጻፍኩለት። ለፋሲካ ጠጠር የሚጥለው የሱ የልጅ ልጅ ነው፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከወዲሁ ስንጥር እየሰበሰበች ነው አሉ።